ጋሼ እንዳያሸንፉ

እናቴ እኔን ስትወልድ ከጭንቅላቴ በፊት እግሬ ነው የወጣው ትል ነበር። እውነት ይሁን ለስድብ እንዲመቻት አላውቅም። ብቻ አርፎ መቀመጥ አልተፈጠረልኝም። ሰው ትራም ቆሞ ሲጠብቅ እኔ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ትራሙም በሁለቱ ፌርማታዎች መሐል ጥሎኝ ያልፋል። ይሄ በየሳምንቱ ይደርስብኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልተማርኩበትም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ሜልቦርን፣ ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ እኖር ነበር። ሥራዬ ዌሪቢ ነው፤ ከአበባ ጎመን እርሻዎቹ አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። እዚያ ፎርክሊፍት የሚነዳ አንድ አሜሪካዊ ነበር። በወጣትነቱ ቅርጫት ኳስ ሊጫወት መጥቶ፣ ጉልበቱ ሲከዳው አገሩ መመለሱን ትቶ የቀረ፣ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ የሚል ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ጨዋ ነው፤ መጋቢት ሲገባ ግን ያብዳል። በአገሩ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር አለ። ስልሳ አራት ኮሌጆች ይገቡና ጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ በዚያው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር ሰው ሁሉ ሠንጠረዡን ይወስድና ማን ማንን እንደሚጥል እስከ ዋንጫው ድረስ ይገምታል። ብዙውን ልክ የገመተ ያሸንፋል። አሜሪካዊው ሠንጠረዡን አባዝቶ ለመጋዘኑ ሰው ያድላል፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ ግማሹ ለአሸናፊው፣ ግማሹ ለሕፃናት ሆስፒታል ይሄዳል።

እሱ ያንን ወረቀት የምሳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ ሳይ ጋሼ ትዝ አሉኝ። የያዝኩት ሳንድዊች እንኳ አላለቀም፤ ተነስቼ ተጨማሪ ወረቀት ስጠኝ አልኩት። ስንት ቢለኝ፣ ያለህን ሁሉ አልኩት።

በፎቃችን ጋሼ የሚባል ሞልቷል። ያለ ስም ጋሼ ከተባለ ግን እሳቸው ናቸው። ከእኔ ሁለት ደርብ ከፍ ብለው ይኖሩ ነበር። አገር ቤት ሳሉ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ በሱዳን አድርገው ወጡ፤ ሜልቦርን ሲደርሱ ጉልበታቸው እስኪታመም ቢሮ አጸዱ። ሲሰደዱ ባለቤታቸው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ባለቤታቸውም እንደምንም ካርቱም ገቡ፤ ጋሼም ሊያስመጧቸው ማመልከቻ አስገቡ፤ ማመልከቻው ሲመላለስ ኖሮ በመጨረሻ ቪዛው ወጣ። የቀረው የአውሮፕላን ቲኬት ብቻ ነው። ቪዛው ደግሞ የመግቢያ ቀን አለው። ፋሲካ አልፎ ጥቂት ሲቆይ ይቃጠላል። ከተቃጠለ ሁሉም ነገር እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ ያን ያህል ለመጠበቅ ደግሞ ሁለቱም ዕድሜ አልነበራቸውም።

አዋጥታችሁ ለምን ቲኬቱን አልገዛችሁም የሚል ሰው ጋሼን አያውቃቸውም። በገና ሰሞን አዋጥተን፣ ፖስታውን ይዘን፣ ተሰብስበን በራቸውን አንኳኳን። ፖስታውን አዩት፤ እኛን አዩን።

«ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ! ይሄ እንኳን—»

«እንግዲያው ሳልሞት ተዝካሬን አታውጡ።»

ከዚያ አስገብተው ሻይ አጠጡን፤ ስኳር ጨምሩ እያሉ አስጨነቁን፤ ስንወጣ ፖስታውን በእጄ አስያዙኝ። እኔ በንዴት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ነው የወረድኩት። ሰው እንዴት ሚስቱን ለክብሩ ይለውጣል እያልኩ እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን ሳወራ ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን ከዌሪቢ በባቡር ስመለስ መቀመጫ እያለ ቆሜ ነው የመጣሁት። ወረቀቶቹን ታቅፌ በቀጥታ እትዬ ሱቅ ገባሁ። እትዬ ወሎዬ ናቸው፤ ከፎቃችን ሥር በርበሬ፣ ምስርና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም የፎቁን ወሬ የሚሰማው እዚያ ነበር። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አስረዳኋቸው። እትዬ ምስር እየለኩ ሰሙኝ።

«ቁማር ነዋ» አሉ።

«አይ እትዬ፣ ግማሹ እኮ ለበጎ አድራጎት ነው።»

«አልሸሹም ዞር አሉ። ሌላውን ግማሽ ሰው ኪሱ ከከተተው ቁማር ነው። ወላሂ እጄን አላስገባም፤ ግድግዳዬም ላይ አይለጠፍም።»

«እሺ ማንም ኪሱ ካልከተተውስ?»

ምስሩን አስቀመጡት። ልጃቸው ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ እሷም ቀና አለች። ደንቡ የወጣው እዚያው ነው። ያሸነፈ ሰው አምስት ሳንቲም አይነካም። ሽልማቱ መናገር ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ሁሉ ለየትኛው ችግረኛ እንደሚሰጥ በሰው ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ራሱን መጥራት ግን አይችልም። እትዬ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከዚያ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የቀረውን ነገርኳቸው፤ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ሁላችንም የምንጠራው ጋሼን ነው።

«ይቀበላሉ ብለህ ነው?»

«መዋጮ ምጽዋት ነው፤ ይሄ ግን ዕጣ ነው። በደንብ የወጣ ዕጣ እምቢ ይባላል? እቁብ ሲደርሰው አልፈልግም ያለ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

እትዬ ትንሽ አሰቡና «እቁብስ ማንም አይመልስም» አሉ፤ ወዲያው ፕላስተር ፍለጋ መሳቢያቸውን ከፈቱ።

በሳምንቱ ፎቁ ሁሉ ኮሌጅ ገባ። ቅርጫት ኳስ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ታክሲ ነጂ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር እየጠራ ይከራከር ጀመር። ሁዳዴ ስለነበር «በጾም ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» ያሉ ነበሩ፤ ለማን እንደሆነ በጆሮአቸው ሲነገራቸው እነሱም እርሳስ ጠየቁ። ሜልተን ቤት ገዝቶ የሄደ አንድ የቀድሞ ጎረቤታችን እንኳ ግምቱን በስልክ አስመዘገበ። ሁሉም ምስጢሩን ያውቃል። የማያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። አበሻ ምስጢር አይጠብቅም የሚል ካለ ያን ሰሞን ኖርዝ ሜልቦርን አልነበረም።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ካርቱም የሚደውሉበት ካርድ ሊገዙ ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። እኔ አጋጣሚ እዚያው ነበርኩ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

ነገርኳቸው። ከምስጢሩ በቀር ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ገንዘቡ አሸናፊው ለጠራው ችግረኛ ይሰጣል?»

«አዎ ጋሼ።»

«መልካም ሐሳብ ነው። ለእኔም አንድ ወረቀት ስጠኝ።»

እትዬ ሳል ያዛቸው። እኔ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ሚዛኑ አየሁ። «ጋሼ፣ የልጆች ጨዋታ እኮ ነው…» አልኩ።

ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «ችግረኛ የሚረዳበት ነገር የልጆች ጨዋታ ነው? ወይስ እኔ ለሰው የምሰጠው የለኝም ብላችሁ ነው?»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እትዬ ከኋላዬ «እሳቸው ያሸነፉ እንደሆነስ?» ብለው አንሾካሾኩ። ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ካለው ሰው ማንም ቢያሸንፍ ባለቤታቸው ይመጣሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ካሸነፉ ግን ሌላ ሰው ይጠሩና ባለቤታቸው ካርቱም ይቀራሉ። አስቀድመን እንዳንነግራቸው፣ ፖስታውን እንደመለሱት ይህንንም ይመልሱታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ወረቀታቸውን ሞልተው አመጡ። በብብታቸው ትልቅ አትላስ ይዘዋል። ጨዋታውን የገመቱት በከፍታ ነው። በእያንዳንዱ ግጥሚያ ከሁለቱ ኮሌጆች የትኛው ከባሕር ወለል ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ከአትላሱ እያዩ፣ ከፍ ያለውን አሳልፈዋል። ቁጥሩን ባያገኙ በካርታው ቀለም ፈርደዋል፤ ቡናማው አረንጓዴውን ይጥላል።

«ደገኛ ይሸነፋል እንዴ?» አሉኝ። «ሳንባው!»

«ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች እኮ ለትምህርት የመጡ ናቸው፤ ከየአገሩ ነው የተሰበሰቡት። ደግሞ ሜዳው ጣሪያ አለው።»

«ጣሪያ አየር ይጨምራል?»

እኔ በሆዴ ተመስገን አልኩ። እንዲህ ገምቶ የሚያሸንፍ ሰው የለም ብዬ ያን ቀን ምሳዬን ተቀምጬ በላሁ።

የአሜሪካ ማታ ለእኛ የማግስቱ ቀን ነው። ውጤት የሚመጣው በስሞኮ ሰዓት፣ ሰው ሻይና ሲጋራውን ይዞ በሚወጣበት ጊዜ ነበር። አሜሪካዊው ከምሳ ክፍሉ የግድግዳ ስልክ ወንድሙ ጋ ይደውላል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ የስልኩን ገመድ እጠመዝዛለሁ። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ስም ያለው የባሕር ዳር ኮሌጅ ማንም በማያውቀው የተራራ ኮሌጅ ተሸነፈ። አሜሪካዊው ጭንቅላቱን ያዘ። እኔም ያዝኩ። በሁለተኛው ቀን ሌላ ደገኛ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ቆላ የሚባል አገር ከአሜሪካ የጠፋ መሰለኝ።

«አንተ የየትኛው ኮሌጅ ደጋፊ ነህ?» አለኝ አሜሪካዊው አንድ ቀን፣ ካርቶን ስረግጥ አይቶ።

«የየትኛውም አይደለሁም። ተራራ አልወድም» አልኩት።

ማታ ማታ ውጤቱን ይዤ ሱቅ እገባለሁ። የእትዬ ልጅ ግድግዳው ላይ ልክ የሆነውን ግምት ሁሉ በቀይ እስክርቢቶ ምልክት ታደርግበታለች። የጋሼ ወረቀት ከሁሉም ይበልጥ እየቀላ ሄደ። «ማም፣ ጋሼ ኢዝ ዊኒንግ!» ብላ ዘላ ስትነሳ እናቷ «ዝም በይ፣ ዊኒንግ ይበልሽ» አሏት። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች አልገባትም። እኔ አንድ ጊዜ እስክርቢቶውን አንስቼ፣ «እትዬ፣ ከዚህ ላይ አንዷን ብናጠፋት ማን ያያል?» አልኳቸው። «ቁማሩን አስወጥቼ ስርቆት ላስገባልህ?» ብለው ከእጄ ቀሙኝ።

እንቅልፍ አጣሁ። መጋዘን ውስጥ ወደ ሲድኒ የሚሄደውን ዕቃ ፐርዝ ጭኜ ተቆጣሁ። ከሥራ መልስ ሊፍት መጠበቅ አልቻልኩም፤ በደረጃ ወጥቼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ መልሼ እወርዳለሁ። ከጋሼ ጋር የተገናኘነው እንዲህ ስመላለስ ነው። በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዘው ቆመዋል፤ ለጉልበታቸው ልምምድ ነው እያሉ በደረጃ ይወጡ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? ድሮም እግርህ አያርፍም፤ አሁን ግን ፊትህም አላረፈም።»

እርስዎ እንዳያሸንፉ እየጸለይኩ ነው አይባልም። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።

«እናቴን ትንሽ አሟት ነው።»

እናቴ ያን ጊዜ አዲስ አበባ፣ የሠፈሩን ሴቶች ሁሉ ቀድማ ገበያ የምትደርስ፣ ራስ ምታት እንኳ የማያውቃት ሰው ነበረች። ጋሼ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እናት ናት» አሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወጡ።

ለዋንጫው ሁለት ኮሌጆች ቀሩ። አንዱ ከበረሃው አምባ የመጣ የጋሼ ኮሌጅ ነው። ሌላው የእኔ። ግድግዳው ላይ ከጋሼ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነበርኩ። የእኔ ካሸነፈ አለፍኳቸው፤ ባለቤታቸው ይመጣሉ። የእሳቸው ካሸነፈ አለቀልን። ያን ቀን አሜሪካዊው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወንድሙ ቴሌቪዥን እያየ የሚነግረውን ይደግምልን ጀመር። መጋዘኑ ሥራ አቆመ። እኩል ሆኑ። ጭማሪ ሰዓት ገቡ። እኔ ከምሳ ክፍሉ ወጥቼ እስከ ጎመኑ እርሻ አጥር ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ ደግሜ ሄድኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስ አሜሪካዊው ስልኩን ሰቅሎ ነበር።

«ተራራው» አለኝ፣ እያዘነልኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከዌሪቢ እስከ ኖርዝ ሜልቦርን ባቡሩ ቆሞ በማያውቅባቸው ቦታዎች ሁሉ የቆመ መሰለኝ። እትዬ ውጤቱን ከፊቴ አነበቡ፤ አልጠየቁኝም። ልጃቸው እስክርቢቶዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከፎቁ ሥር ባለው የጋራ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሰው የመጣው ለለቅሶ እንጂ ለሽልማት አይመስልም። ጋሼ ብቻ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ደስ ብሏቸው ገቡ። አትላሱንም ይዘዋል። አንዳንዱ ምናልባት ነገሩ ገብቷቸው ይሆናል፤ ምናልባት እንዲህ ሊሉ ነው፣ ምናልባት እንዲያ፣ እያለ ተስፋ ያደርግ ነበር። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

«ጨዋታውን አላውቀውም» ብለው ጀመሩ። «ዕጣው ግን ለእኔ ወጣ። በዚህ አገር ስኖር እንደዛሬ ሰው ፊት ቆሜ ስጡ ብዬ የማዘዝ ዕድል አልገጠመኝም፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ለማን እንደምሰጥ ብዙ አሰብኩ። ሁላችንም ችግር አለብን። ግን ከመካከላችን አንድ ልጅ አለ። ይህን ጨዋታ ያመጣው እሱ ነው፤ ለሌላ ሰው ሲሮጥ ይውላል። ሰሞኑን ግን ከሥራ ሲገባም፣ በማታም፣ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ አየዋለሁ። ጠየቅኩት። እናቱ ታማበታለች። የራሱን ለማንም አይናገርም። ገንዘቡ ለእሱ ይሁንና ሄዶ ይያት፤ ሰው ወዳጁን ሳያይ መቅረት እንደሌለበት እኔ አውቃለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደሜ ከእግሬ እስከ ጆሮዬ ፈላ።

«እናቴ ደህና ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ምንም አልሆነችም! ደረጃውን የምወጣና የምወርደው እርስዎ እንዳያሸንፉ ስጨነቅ ነው! ገንዘቡ ለባለቤትዎ ቲኬት ነበር፤ ይሄ ሁሉ ሰው ያውቃል፣ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት! ፖስታውን ባይመልሱ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልን ነበር?»

ውጭ ልጆች ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲያጋጩ ይሰማል። ጋሼ ከረባታቸውን ነካ አደረጉ፤ አትላሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። ስለ ባለቤታቸው ፎቁ ሁሉ በሹክሹክታ ሲነጋገር መክረሙን ሲያስቡት ፊታቸው ላይ ይታያል። ያን ሳይ ንዴቴ ወዲያው ጠፋ፤ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም።

«የሰጠሁትን አልመልስም» አሉ ቀስ ብለው። «ገንዘቡ የዚህ ልጅ ነው።»

ወጡ። ያን ቀን ሊፍቱ ይሠራ ነበር፤ እሳቸው ግን በደረጃ ወጡ።

ከዚያ በሩን ለማንም አልከፈቱም። እኔ ሥራ ስሄድም ስመለስም አንኳኳለሁ፤ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል፣ መልስ የለም። ቪዛው እየተቃጠለ ነው። ሱቅ ገብቼ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ስንቆራጠጥ እትዬ «ተቀመጥ!» ብለው ጮኹብኝ። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ነበር ያሉት? የሰጠሁትን አልመልስም፣ አላሉም?»

«ብለዋል።»

«እንግዲያ ያንተ ነው። ሰው በራሱ ገንዘብ እንግዳ አይጠራም እንዴ?»

ከጆንያው ላይ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ትራቭል ኤጀንሲው ሊዘጋ ሲል ደረስኩ፤ በዚያው ጨርሼ ተመለስኩ።

«ቡክ አደረግሁት!» አልኩ ከበሩ።

«ለመቼ?»

ቀኑን ነገርኳቸው። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሕማማታችሁ አይደለም እንዴ?»

ነበር። ባልና ሚስት ከስንት ዘመን በኋላ የሚገናኙበትን ቀን፣ ክርስቲያን ክርስቲያንን በማይስምበት በሰሞነ ሕማማት አስቆርጬዋለሁ። የሆሳዕና ማግስት መሆኑን ያስታወሱኝ እስላሟ እትዬ ናቸው። ኤጀንሲው ደግሞ ቲኬቱ አይቀየርም ብሎኛል።

ያን ዕለት ማታ የጋሼን በር አንኳኩቼ ከውጭ ሆኜ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ እንግዳ ጠርቻለሁ። ከካርቱም ነው የምትመጣው። ትልቅ ሴት ናት። የእኔ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋም የለኝም። እንግዳዬን ያሳድሩልኛል ወይ ብዬ ልጠይቅዎ ነው።»

ሬዲዮው ጠፋ። እኔ ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልንቀሳቀስ ጠበቅሁ። በሩ አልተከፈተም። ድምፃቸው ግን ከቅርብ ነው የመጣው፤ እሳቸውም ከበሩ ሥር ቆመው ነበር።

«እንግዳ ከበር አይመለስም» አሉ።

አውሮፕላን ማረፊያ የሄድነው በአንድ ጎረቤታችን ታክሲ ነው፤ ጋሼ፣ እትዬና እኔ። ጋሼ ያንኑ ሙሉ ልብስና ያንኑ ከረባት አድርገዋል። መንገዱን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያው ስላለበት ስለ ቱላማሪን ሜዳ ድንጋይ፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ እንደመጣ፣ ያስረዱን ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ከደረስን በኋላ መንገደኛ የሚወጣበት በር በተከፈተ ቁጥር ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። እኔን እግርህ አያርፍም ሲሉኝ የኖሩት ሰው ያን ዕለት ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ይመላለሱ ነበር።

በመጨረሻ ወጡ። ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ቀጭን፣ በሁለት እጃቸው አንዲት ሻንጣ የሚገፉ ሴት ናቸው። ጋሼ ባሉበት ደረቁ።

«እንግዳህ መጣች» አሉኝ። «ሂድና ተቀበላት እንጂ።»

ሄድኩ። ከሩቅ እጅ ነሳሁ፤ እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሕማማት መሆኑን አልረሱም። «ባለቤቴ ነው የላከህ?» አሉኝ፤ ዓይናቸው በጋሼ ላይ አልፎ ከሕዝቡ መሐል ባላቸውን ይፈልጋል። በልባቸው ይዘውት የኖሩት ሰው ፀጉሩ ጥቁር ነበር። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሴትዮዋ ሻንጣውን ለቀቁት።

ተጠጋጉና አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ጋሼ እጅ ነሱ። ባለቤታቸውም እጅ ነሱ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላደረገም። ሰው ሁሉ በዙሪያችን ሲተቃቀፍና ሲሳሳም እነሱ እጃቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ዕንባቸው በአገጫቸው እየወረደ፣ ተያይተው ቆሙ። እኔ ያን ቀን ያስቆረጠ እጄ ይቆረጥ እያልኩ ራሴን እረግማለሁ።

እትዬ ቦርሳቸውን እኔ ላይ ወረወሩት።

«ወላሂ እኔስ ይሄን ቆሜ አላይም! እኔን ሕማማት አያግደኝም» ብለው ሄዱና ሴትዮዋን በሁለት እጃቸው አቀፏቸው። ጉንጫቸውን ሳሙ፤ «ይኼ የእኔ» አሉ። ሌላውን ሳሙ፤ «ይኼ የፎቃችን ሰው ሁሉ» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ጋሼን አዩና፣ አጥብቀው፣ አቆይተው አንድ ጊዜ ሳሟቸው። «ይኼ የእሳቸው።»

ሴትዮዋ በእትዬ ትከሻ ላይ ሆነው ባላቸውን እያዩ አለቀሱ። ጋሼ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል።

«እህቴ» አሉ። «እባክዎን… የእኔን አንድ ይጨምሩልኝ።»

ጋሼ ከሰው ነገር ሲለምኑ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እትዬም አንድ ብለው አላቆሙም።